እስቲ እዪልኝ

የራውያ ልጅ ማዚን ዓይኑን ከፍቶ ነው የተወለደው ይሉታል፤ እኔም ውሸት ነው አልልም። ሌላ ሕፃን ጡት ሲጎርስ ዓይኑን ይከድናል። እሱ ግን ትንሽ ሳብ አድርጎ ዞር ይላል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ መጋረጃውን ምን ነካው፣ ሁሉን ሳያጣራ ወደ ጡቱ አይመለስም። የሰው ፊት ካየማ አለቀ፤ ይስቃል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ እንቅልፉን ይረሳል። እንቅልፉ ግን እሱን አይረሳውም፣ ያኔ ጩኸቱን ያቀልጠዋል።

የምንኖረው እስክንድርያ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው። ከምሳ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጋደም ይላል። ማዚን ደግሞ ለጩኸት የሚመርጠው ይችን ሰዓት ነው። በሕንጻችን መሐል ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የወጣ ጠባብ ክፍት ቦታ አለ፤ የሁላችንም የወጥ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ነው። አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ ሌላዋ ታለቅሳለች እያልን እንቀልዳለን። ሐሜት ማማት የፈለገ ሰው መስኮቱን መዝጋት አለበት፤ የሚዘጋ ግን የለም።

ራውያ ያላደረገችው ነገር የለም። ታወዛውዘዋለች፣ ቁልፍ ታንሿሿለታለች፣ በረንዳ አውጥታ መርከብ ታሳየዋለች። እሽሩሩ ስትለው እሱ አፏን ያጠናል። ባሏ መርከበኛ ነው፣ የለም። በመጨረሻ አማቷ ሐጃ ዙበይዳ መጡ። ሴትዮዋ ጫማቸውን ሳያወልቁ ፈረዱ።

«ይሄ ልጅ የሰው ዓይን ገብቶበታል።»

«የማን ዓይን እማማ?»

«ሰባተኛ ቀኑ ሲከበር ማን ነበረች ላዩ ላይ ተደፍታ ‹ወይ ዓይን! ይሄ ልጅ ሁላችንንም ገዝቶ ይሸጠናል!› ያለችው?»

ከታችኛው ፎቅ ያለችው ኢንሺራሕ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ሳቋ ግን ደረጃውን ይሞላ ነበር።

«ዓይን እንዳይነካው ማሻአላህ ብላለች?»

«እኔ አልሰማሁም።»

«አልሰማሁም ማለት አላለችም ማለት ነው። ያልወለደች ሴት ዓይኗ ይርበዋል። እሷ ባትፈልግም ይርበዋል።»

«ኧረ እማማ! እትዬ ኢንሺራሕ እኮ አራስ ሆኜ ሾርባ ስታመላልስልኝ የከረመች ናት።»

«በሾርባው አመካኝታ ነዋ እየገባች የምታየው!»

እንዲህ ላለ ሰው ምን መልስ ይሰጣል? ሐጃ ዙበይዳ ከጋዜጣ ላይ ሰው የሚመስል ቅርጽ ቆረጡና ወጥ ቤት ገብተው በመርፌ ይወጉት ጀመር። «ከአክስቱ ዓይን! ከወተት ሻጩ ዓይን! ከእኔም ከራሴ ዓይን!» ቀጥለው መርፌውን ለራውያ ሰጧት። «እናቱ አንቺ ነሽ። እሷን አንቺ ጥሪያት።»

ራውያ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ትከሻዋ ላይ ያለው ልጅ ጆሮዋን ያደነቁራታል። ወረቀቱን ወጋችና፣ ጩኸቱን ለማሸነፍ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ከኢንሺራሕ ዓይን!» አለች።

ከታች አንድ ቢላዋ የሞሎኪያ ቅጠል ለወጥ ይከትፍ ነበር። ቆመ። እኔም ከላይኛው ፎቅ ሆኜ ሲቆም ሰማሁት። የወረቀቱ ሰው ምድጃው ላይ ነዶ አመድ ሆነ፤ ማዚን ግን ጩኸቱን አላቆመም።

ራውያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ቀን ወዲያ ደረጃ ለመውረድ ኮቴ እያዳመጠች ነው። አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገናኙ። ኢንሺራሕ ሰላም አለቻት፤ ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሕፃኑ እስኪያልፍ ቆመች። ሙቀቱ እንዲያ በርትቶ እያለ የወጥ ቤቷን መስኮት ዘጋች። ሳቋንም አልሰማነውም።

ሐጃ ዙበይዳ የሠሩትን ሠርተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድ ከሰዓት በኋላ የራውያ ትዕግሥት አለቀ። «ተኛ! ተኛ በቃ! ገደልከኝ እኮ!» ብላ በልጁ ላይ ጮኸችበት፤ ወዲያው ደንግጣ ከእሱ ጋር ማልቀስ ጀመረች። በሩ ተንኳኳ። ኢንሺራሕ ናት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ስጪኝ» አለች። «አላየውም፣ አትፍሪ።»

ራውያ ልጁን ሰጠቻት። ኢንሺራሕ መጋረጃውን ሳበች፤ ልጁን ደረቷ ላይ አጋድማ ነጠላ ሻሿን በራሱ ላይ ጣል አደረገችና ወንበሩን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረች። ቁጭ ብላ ዓይኖቿን ጨፈነች። አልዘፈነችም፣ አላወዛወዘችም፤ መዳፏን ብቻ ጀርባው ላይ አሳረፈች።

ማዚን ቀና ብሎ ፊት ፈለገ። የተከደነ ፊት አገኘ። ጉትቻዋን ጎተተ፤ ዝም አለችው። ግድግዳውን አየ፤ ግድግዳው ምንም አላለውም። ተናዶ ትንሽ አለቀሰ፤ መዳፏ ካለበት አልተነሣም። ጮክ ብሎ ሊቀጥል አሰበና ማዛጋት ቀደመው። ጭንቅላቱ ከበደው፣ አንገቷ ሥር ሸጎጠው፣ ተኛ።

«ምን አድርገሽለት ነው?» አለች ራውያ በሹክሹክታ።

«ምንም። እንዳላየው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።»

ራውያ ፊቷ በእሳት የተጠበሰ መሰላት። ሴትዮዋ ብልሃት አልነበራትም። ዓይኗን የጨፈነችው ነገ ልጁን አንድ ነገር ቢያገኘው ኢንሺራሕ አየችው እንዳይባል ነው። እሱ ደግሞ የሚያየው ሲያጣ ነው ለካ የሚተኛው!

«እትዬ... ያን ዕለት እኔ...»

«ተይው። ልጁ ይነቃል።»

ኢንሺራሕ ፊቷን እንዳዞረች ልጁን አስረከበችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ራውያ እንደዚያው ታደርግ ጀመር። ጆሮውን ማሸት ሲጀምር፣ ለቅሶ ሳይመጣ፣ መጋረጃ ትስባለች፣ ወደ ግድግዳ ትዞራለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ማዚን ይተኛል፤ ሕንጻውም ተመስገን ብሎ ያንኮራፋል። «እሱ ተኛልኝ» አለችኝ አንድ ቀን እያለቀሰች፣ «እኔ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የምታየኝ እሷ ናት። አፈርኩ። እንዴት አድርጌ ቀና ልበል?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ስሟን የጠራሽው እኔ ቤት አይደለም» አልኳት። እኔ ማባበል አልችልበትም።

በማግስቱ፣ ልጁ ጆሮውን ማሸት ሲጀምር፣ መጋረጃውን አልሳበችም። ፊቱን አጥባ ይዛው ወረደች። ኢንሺራሕ በሩን ከፍታ ልጁን እንዳየች ፊቷን አዞረች።

«ምነው? እምቢ አለሽ?»

«ላስተኛው አልመጣሁም።» ራውያ አልፋት ወጥ ቤት ገባችና የተዘጋውን መስኮት በረገደችው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ጋደም ያለውን ሁሉ አስነሥታ፣ «እትዬ ኢንሺራሕ! ስምሽን ጠርቼ በድዬሻለሁ! እስቲ ልጄን እዪልኝ!» አለች።

«ተይ የኔ ልጅ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ያኔም ሰምቷል። ፊት ለፊት እዪልኝ።»

ኢንሺራሕ ቀስ ብላ ዓይኗን ከመሬት አነሣች። ማዚን አስቀድሞ እየጠበቃት ነበር። ጥርስ በሌለው ድዱ በሙሉ ሳቀላት፣ አፍንጫዋን ለመያዝ እጁን ሰደደ። «ወይ ዓይን!» አለች ኢንሺራሕ፣ ያ ሳቋ አምልጧት። ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ ብያለሁ ራውያ፣ ሰምተሽኛል አይደል? ማሻአላህ ብያለሁ።»

ራውያ ልጁን እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ከላይ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። ማዚን ያን ቀን እስኪመሽ አልተኛም።