ስንቁ ሲያልቅ

"ማን ጀሪካን አንሺ አለሽ?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት፣ እህቴን ሦስተኛ ጊዜ ባስወረዳት ማግስት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ። በሰፈሩ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከታች ካለው ቧንቧ አንድ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃውን ወጥታ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ አፍ ደግሞ ድሮም ፍሬን የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ከባድ ነገር ማንሳት ተወች። እኔ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ልጄ ተወልዳ "እስቲ ያዣት" ስላት እጇን ወደኋላ ደበቀች።

"ምናልባት ዛሬ አርግዤ ቢሆንስ እትዬ?" አለችኝ።

ልጄን ከውፍረቷ የተነሳ ድንቡሼ እንላታለን፤ ሰው ሁሉ ይሻማታል። አክስቷ ግን መሬት ተቀምጣ ታጫውታታለች እንጂ አንድም ቀን አቅፋ አንስታት አታውቅም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አለፍኩት።

የሚያናድደኝ ሥራዬ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የአይጥ ፅንስ እጠብቃለሁ። የምናጠናው ሴልን ከሴል የሚያያይዙትን ተቀባዮች ነው፤ በሴሉ ቆዳ ላይ እንደ እጅ ወጥተው የጎረቤታቸውን እጅ የሚይዙ ፕሮቲኖች ናቸው። ፅንሱ ስምንት ሴል ሲሞላው እጆቹ አጥብቀው ይያያዛሉ፣ ሴሎቹም ተጠጋግተው አንድ ድቡልቡል ይሆናሉ። እኛ ጋ ካሉት ፅንሶች ከአራት አንዱ ግን ያንን እጅ የሚሠራው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ይመጣበታል። እሱም መጀመሪያ ይያያዛል፤ እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችለት የዚያው ፕሮቲን ስንቅ አለው። ስንቁ ሲያልቅ ይላቀቃል። ይህን ስንት መቶ ጊዜ እያየሁ ነው ጀሪካን ያልኩት።

ባለፈው ወር አራተኛውም ወረደ። በዚህኛው ከአልጋዋ አልወረደችም ነበር፤ ባሏ ነው ሲያበላት የከረመው።

"እትዬ፣ ትራሱን ሳነሳ ይሆን?" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሰው በሌለበት፣ ላቦራቶሪ ይዣት ሄድኩ። ፅንሶቹ ያሉበትን ሳህን ከኢንኩቤተሩ አውጥቼ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ይሄኛው ያምራል። አጠገቡ ያለውስ ምን ሆኖ ነው የተበተነው?"

"ስንቁ አልቆበት ነው።"

"እናቱ ምን አድርጋ ነው?"

"ምንም። የሁሉም እናት አንድ ናት። ያላትን ሰጥታቸዋለች።"

ማየቷን ቀጠለች።

"ያንቺም ይሄው ነው አልልሽም፤ ሐኪሞቹም አላወቁትም" አልኩ። "ጀሪካኑ ግን አይደለም። በዚያው ሳምንት እኔ ራሴ ድንቡሼን በሆዴ ይዤ ሁለት ሁለት ጀሪካን አወጣ ነበር።"

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ያኔም አውቅ ነበር።"

ከዚያ ወደ እኔ ቤት ሄድን። መንገድ ላይም ይቅርታ አላልኳትም። በሩን ስንከፍት ድንቡሼ እየሮጠች መጣች። እህቴ ቦርሳዋን ጣል አድርጋ ጎንበስ አለችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ነይ ላንሳሽ።"

ልጄ ከፊቷ ቆም አለች። አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደች።

"አይሆንም አክስቴ። እከብድሻለሁ።"

"ማን አለሽ?"

"እማዬ ናት። አክስትሽን 'አንሺኝ' እንዳትዪያት ብላኛለች።"

እህቴ እጇን ሳታጥፍ ቀና ብላ አየችኝ።