የአሮጌው ትምህርት ቤት ቁልፍ

ቁልፍ ሠሪው ዝምተኛ ሰው ነበር። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ሰዉ በየስብሰባው እየተነሳ ጎረቤቱን ሲያጋልጥ፣ እሱ ከኋላ ወንበር ይዞ ሲያጨበጭቡ ያጨበጭባል፣ ሲያቆሙ ያቆማል። «አንገቱን የደፋ ሰው ሰይፍ አያገኘውም» ይላት ነበር ታናሽ እህቱን።

የእህቱ ልጅ ግን አንገት መድፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ ላይ «ዳቦ የት አለ?» ብሎ ሲጽፍ ተያዘና እስር ቤት በሆነው አሮጌ ትምህርት ቤት ታጎረ። እናቱ በየቀኑ ስንቅ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ጠባቂዎቹ ስንቁን ይቀበላሉ፣ የልጁን ወሬ ግን ጠብ አያደርጉላትም።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሊቀመንበር ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ድረስ መጣ።

«ጓድ፣ የትምህርት ቤቱ በሮች አዲስ ቁልፍ ይፈልጋሉ። ሁሉም በር በአንድ ቁልፍ የሚከፈት፣ ቁልፉም እኔ ኪስ ብቻ የሚገኝ።»

«እኔ እኮ ተራ ሰው ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዝምተኛ ስለሆንክ ነው የመረጥኩህ። የእህትህ ልጅ እዚያ መሆኑንም አውቃለሁ። አንዱ በር ላልቶ ቢገኝ ማንን እንደምጠይቅ ታውቀዋለህ።»

ሠራ። ምን ያድርግ? ቁልፎቹን በሮቹ ላይ ሲገጥም እስረኞቹን ወደ ጓሮ ስላወጧቸው ልጁን እንኳ አላየውም።

ሥራውን አስረክቦ ብዙም ሳይቆይ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። አብሮ አደጉ ነው፤ በልጅነታቸው አንድ ጫማ እየተቀያየሩ ያደጉ። ትኩስ ዳቦ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተራራ ያሉት ልጆች ሊመጡ ነው። ቁልፉን ሥራልኝ።»

«አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ከነሱ ጋር?»

«ዱቄቱን ለወታደር ብቻ ጋግር ካሉኝ ወዲህ።»

«ከሰጠሁህ በማግስቱ ግድግዳ አስደግፈው ይረሽኑኛል።»

«ካልሰጠኸን በሮቹን በፈንጂ ነው የምንከፍታቸው። ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ አንተ ታውቃለህ።» ይህን ብሎ እሱም ዓይኑን ሰበረ። «የእህትህን ልጅ እናወጣዋለን። ካላወጣነው የልጆቼን ዓይን አያሳየኝ!»

ቁልፍ ሠሪው የሱቁን በር ዘጋ። ሞረዱን አንስቶ የቁልፉን ጥርሶች አወጣ። ዳቦውን አልቀመሰውም። ለእህቱም ትንፍሽ አላላትም።

ተራራ ያሉት ታጋዮች ለጥቃት የመረጡት፣ ሰዉ ሁሉ ለሰልፍ አደባባይ የወጣበትን ቀትር ነበር። ቁልፍ ሠሪው ከእህቱ ጋር ተሰልፎ መፈክር ሲቀበል ከትምህርት ቤቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሕዝቡ መሬት ላይ ተደፋ። እህቱ እንደ ቆመች ቀረች፤ ጎትቶ አስተኛት።

«ልጄን!» አለች፤ «ወንድም ጋሼ፣ ልጄን!»

«ዝም በይ። ይወጣል» አላት አምልጦት። ዞር ብላ አየችው። ያኔ ገባት።

ልጁ ግን አልወጣም። ታጋዮቹ መጀመሪያ የከፈቱት አዛዣቸው የታሰረበትን ክፍል ነበር። እሱን እንዳወጡ ከጣሪያው ላይ መትረየስ ሲያጓራባቸው ቁልፉን በሩ ላይ እንደ ተሰካ ትተው ሸሹ። ዳቦ ጋጋሪውም አብሯቸው ተራራ ገባ።

ሊቀመንበሩ ቁልፍ ሠሪውን ቢሮው አስጠርቶ ያን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለለት።

«የማን እጅ ነው ይሄ?»

ቁልፍ ሠሪው የገዛ ሥራውን አወቀው።

«ለበላይ ላሳውቅ ብል፣ ‹ማን መረጠው?› ብለው መጀመሪያ የሚረሽኑት እኔን ነው» አለ ሊቀመንበሩ። ላቡን ጠረገ። «ዝም ብል ደግሞ አንተ ውጭ ነህ፤ ሌላ ቁልፍ ትሠራለህ። ስለዚህ ውጭ አትሆንም። ዕቃህን አምጣ፤ የበሮቹን ቁልፎች እንደገና ትቀይራለህ፤ ከዚያ እዚያው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ትኖራለህ። ሰው ከጠየቀ፣ ለአብዮቱ በፈቃዱ ተመደበ እንላለን።»

አሁን እስረኞቹን ወደ ጓሮ የሚያወጣቸው አልነበረም። ቁልፍ ሠሪው ጠባቂ አጠገቡ ቆሞ አንድ በአንድ ሲቀይር፣ ከመጨረሻው በር ጀርባ የሚያውቀው ድምፅ ተሰማ።

«አጎቴ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን ቁልፉ ሲዞር ሰምተናል። ቀጥሎ የኛ ነው ብለን ጫማችንን አጥልቀን ቆመን ጠበቅን።»

ቁልፍ ሠሪው መፍቻውን ብሎኑ ላይ ገጠመ። ብሎኑን ላላ ቢያደርገው ይችላል፤ እጁ መንገዱን ያውቃል። ግን ከዚህ በር ውጭ ሌላ በር፣ ከዚያ ውጭ መትረየስ፣ ከዚያም ውጭ ስንቅ ይዛ የቆመች እህቱ አለች።

«እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። አሁን ወደ ኋላ ራቅ በል፤ የብረቱ ፍንጣሪ ዓይንህን እንዳይመታህ።»

ልጁ ራቀ። ቁልፍ ሠሪው ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀው።

በማግስቱ እህቱ በር ላይ ስትደርስ ጠባቂው ሁለቱን ስንቅ አይቶ፣ «ሁለተኛው ለማን ነው?» አላት።

«ለወንድሜ» አለች፤ «ውስጥ ነው የሚሠራው።»