እጅ የለመደው

የፖሊስ ሃምሳ አለቃዋ መምህራን ክፍል ተቀምጣ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ በላስቲክ ትጠቀልላለች። ጫፉን ጠመዘዘች፣ በነጭ ክር ሁለቴ አዞረችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አሁን ጠመኔው ቁርጥ መንገድ ላይ በስውር የሚሸጠውን ዕፅ ይመስላል። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች ልጆችን ከዕፅና ከጠብ መራቅን ስታስተምር ዘዴዋ ይኸው ነው፤ እሷ ሻጭ ትሆናለች፣ ከተማሪዎቹ አንዱ እምቢ ባይ።

አብሯት የመጣው አስር አለቃ በሩን ተደግፎ ይስቃል። በዕድሜ ይበልጣታል። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል ያለውን ኬላ ይጠብቃል፣ ከሰዓት እሷን ያጅባል። እንዲህ አሳምራ የምትጠቀልለው ጡረታ ስትወጣ ሥራ እንዳትፈታ ነው ወይ ብሎ ቀለደባት።

ክፍሉ በልጅ ጢም ብሎ ነበር። እዚህ የተባለ ነገር እዚሁ ይቀራል አለቻቸውና ማን እንደሚወጣ ጠየቀች። ከኋላ ወንበር “ጥይት ትውጣ” አሉ። ጥይትስ እኛም ጋ ሞልቷል፣ ሰው ነው የጎደለን ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥይት ግን ሰው ነበረች፤ በሩጫ ለትምህርት ቤቱ ዋንጫ ያመጣች፣ ቀጭን፣ አንገቷን ደፋ የምታደርግ ልጅ። እየተገፋፋች ወጣች።

ሃምሳ አለቃዋ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ተጠጋቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ያዢው እስቲ። ማንም አያይሽም።”

“አልፈልግም” አለች ልጅቷ፣ ጥርት አድርጋ።

ጭብጨባው ቀለጠ። አፏ አልፈልግም ሲል ግን እጇ ጠመኔውን ተቀብሎ በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሰድዶት ነበር። ጣቶቿ ባዶ ሆነው ወረዱ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አልፈጀም፤ እጇ ምን እንደሠራ እሷም ያወቀች አትመስልም። ሃምሳ አለቃዋ መንገድ ላይ የሠራችበት ዘመን ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ጀምበር እንደማይሰለጥን ታውቃለች።

ፊቷን ሳትለውጥ አመሰገነቻት። የቀረውን ትምህርት እንዴት እንደጨረሰችው ለራሷም አልገባትም። ተማሪዎቹ ለስፖርት ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ሰሌዳ አጥፊልኝ ብላ ልጅቷን አስቀረቻትና በሩን ገርበብ አደረገች።

“ጠመኔዬን አልመለስሽልኝም።”

ልጅቷ ፈገግ ልትል ጀመረች። እጅጌዋን ዳበሰች። አገኘችው። ደሟ ከፊቷ ሸሸ።

“ቲቸር፣ እዚህ የተባለው እዚሁ ይቀራል አላሉም?”

“ብያለሁ። አፌን ሞልቼ ማለት አልነበረብኝም። እዚህ ጥዬሽ ግን አልሄድም።”

የልጅቷ ቃል መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ እንደ ጎርፍ መጣ። አጎቷ ነው፣ የእናቷ ወንድም። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት፣ ሩጫም ያስጀመራት እሱ ነው። ጠዋት በሞተሩ ያመጣትና ከኬላው በፊት ጥቅሉን በስውር አስጨብጧት ያወርዳታል። እሱ ተፈትሾ ባዶውን ያልፋል፤ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ማን ይፈትሻል? እሷ እየሮጠች ታልፋለች፣ ዕቃው ጫማዋ ውስጥ ይውላል፣ ሲለቀቁ በር ላይ ጠብቆ ይቀበላታል። ዛሬም ይመጣል። እናቷ ይህን ሁሉ አታውቅም።

የግራ ጫማዋን አወለቀች። ከውስጠኛው ሶል ሥር ስስ ጥቅል ወጣ፤ ላስቲኩም ክሩም እንደ ጠመኔው።

አስር አለቃው ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። በየጠዋቱ “ጥይት፣ ደግሞ እንዳትመቺን” እያለ እየሳቀ የሚያሳልፋት እሱ ነበር። ሰዓቱን አየ። ጥቅሉን መልሳ ጫማዋ ውስጥ ታድርግና ትውጣ አለ፤ ጥቅሉ አጎትየው እጅ ሲገባ ይይዙታል።

“አለዚያ አላውቅም ቢል ምን በእጃችን አለ? የልጅ ቃል።”

እውነቱን ነበር። ይህንንም ሁለቱም ያውቁታል።

“ጋሼ፣ አሁን ሰው ፊት እምቢ በይ ብዬ ያስተማርኳትን ልጅ፣ በዚያው እጇ አድርሺ ልበላት?”

“ከሚያመልጥ አይሻልም?”

“ያምልጥ” አለች።

አስር አለቃው ጥርሱን ነክሶ ኮፍያውን አጠለቀ። ሃምሳ አለቃዋ ስልክ አንስታ የልጅቷን እናት ጠራች፤ በጓሮው በር እንዲያስገባት ለዘበኛው ነገረች። ደወሉ ሲደወል ጫማውን ከነጥቅሉ በፌስታል ይዛ ከአስር አለቃው ጋር ወደ ዋናው በር ወረደች።

አጎትየው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። መሪው ላይ ሁለተኛ፣ ትንሽ ሄልሜት ተንጠልጥሏል። ልጄስ አለ፣ በፈገግታ። ሃምሳ አለቃዋ ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አሳየችው። ፈገግታው ሳይጠፋ ዓይኑ ብቻ ደረቀ።

“የሷ ጫማ ነው። ከማን ጋር እንደምትውል እኔ ምን አውቅላታለሁ?”

አላመነታም። ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ ሰውየው እግሩን አንስቶ ሞተሩን ሊያስነሳ ተዘጋጀ።

“እኔ አውቃለሁ” አለ አስር አለቃው። ቁልፉን ነቅሎ ይዞታል። “በየጠዋቱ ከኬላው በፊት ዛፉ ሥር ታወርዳታለህ። ለልምምድ ነው ብዬ እሷን በሳቅ አሳልፋለሁ፣ ያንተን ኪስ አስገለብጣለሁ። ይህንን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። የሚጠየቅ ካለ እኔም ልጠየቅ።”

ሰውየው ከሞተሩ ወረደ። “እሷ ናት የተናገረችው?” ሲል ሃምሳ አለቃዋን ጠየቃት።

“የተናገረውን ሰው ሰምተኸዋል” አለችው፣ ወደ አስር አለቃው በአገጯ እያመለከተች።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ልጅቷ ጫማ የሌለውን እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ተቀምጣለች። ሞተሩ ሲነሳ አለመስማቷ መያዙን ነግሯታል። ጠመኔው ፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነው።

“እናትሽ እየመጣች ነው።”

“ስለ እኔ ጠየቀ?”

ሃምሳ አለቃዋ ሰውየው ያለውን አሰበች። “ሄልሜትሽን ይዞ ነው የመጣው” አለቻት። ይህም እውነት ነበር። ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች፤ ሃምሳ አለቃዋም አላባበለቻትም፣ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከዚያ ጠመኔውን አነሳችና በመዳፏ ከልላ ዝቅ አድርጋ ዘረጋችላት። “ያዢው እስቲ።”

የልጅቷ ጣቶች እንደ ልማዳቸው ተከፈቱ። ሳይደርሱ ቆሙ። ከዚያ ተጨበጡና የሃምሳ አለቃዋን አንጓ ገፋ አደረጉት።

“አልፈልግም” አለች። ድምጿ የቅድሙን ያህል ጥርት አላለም።

ሃምሳ አለቃዋ ክሩን ፈታች፣ ላስቲኩን ገለጠች፣ ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር ከሌሎቹ ጋር አስቀምጣ እጇን አራገፈች።