አርባ ኪሎሜትር ብቻ

የመንገድ ቀያሿ ባሏን ለመበቀል የቆረጠችው በገዛ ሳሎኗ፣ ለእንግዶች ሻይ እየቀዳች ሳለ ነው። ጓደኞቹ «ሞተሩ» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ግን ራሱ ነው። ወደ አንድ ተራራማ ደሴት አብረው ለሚያደርጉት የብስክሌት ጉዞ ብላ ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ከእሱ ጋር ብስክሌት ስትነዳ ከርማለች። ሞተሩ አብረውት በሚጓዙት ጓደኞቹ፣ በፋርማሲስቱና በጥርስ ሐኪሙ ፊት እግሩን ዘርግቶ፣ «የኔዋ የሻንጣውን መኪና ትነዳልናለች» አለ።

«ብስክሌት አይደል እንዴ የምነዳው?» አለች።

«ዳገት ላይ አንቺን ስንጠብቅ ይመሽብናላ፣ የኔ እመቤት። ደግሞ መኪና መንዳትም እኮ ጉዞ ነው። መስኮቱን ከፍተሽ ባሕሩን እያየሽ ትመጫለሽ።»

እንግዶቹ ሳቁ። ዳገት ላይ ሁልጊዜ እሷ ቀድማ እንደምትወጣና ትንፋሹ እስኪመለስ ቆማ እንደምትጠብቀው ሞተሩ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እሷም ለክብሩ ብላ አፏን ይዛ ኖራለች።

እንግዶቹ ሲወጡ፣ «መንገዱን ግን አንቺ አውጪልን፤ ካርታ ያንቺ ነገር ነው» አላት።

አወጣችለት። በማግስቱ ከመንገድ ሥራ ቢሮዋ ስትመለስ የደሴቱን ካርታ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ብስክሌተኛ ሁሉ የሚወደው የባሕር ዳር መንገድ አለ፤ ሜዳ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። እሱን ተወችው። የከፍታ መስመሮቹ እጅብ ብለው ካርታውን ባጠቆሩበት፣ ዳገቱ ቀጥ ባለበት፣ መሃል ለመሃል ሄደች። ማደሪያውን ሁሉ ተራራ አናት ላይ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አደረገች። አንድ ለስላሳ ቁልቁለት ብታገኝ ብሽቅ አለችና መንገዱን በሌላ በኩል አዞረችው። እንዲህ ደስ ካላት ቆይቷል።

ሞተሩ ካየው ሁሉ ዓይኑ ውስጥ የገባው ኪሎሜትሩ ብቻ ነው። «የመጀመሪያው ቀን አርባ ኪሎሜትር ብቻ? ይሄማ ለኔ ምኑም አይደል» ብሎ ሄደ።

ማደሪያዎቹን ከመያዟ በፊት አንድ ጊዜ አንጀቷ ራራ። ሞተሩ በረንዳው ላይ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት ሲቀባ አየችው፤ ማንም ሳይጠይቀው የእሷንም ቀብቶላታል። ይህን መንገድ እንተወው ልትለው ስትወጣ ስልኩ ጮኸ።

«አዎ፣ መንገዱን ጨርሼዋለሁ» አለ ለፋርማሲስቱ። «ኧረ ብቻዬን ነው የሠራሁት። እሷማ ምን ታውቃለች? ሻንጣዋን ትጠብቅ።»

ተመልሳ ገባችና ማደሪያዎቹን ሁሉ ያዘች። የራሷን ብስክሌትም ለአውሮፕላኑ አስመዘገበች።

ደሴቱ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሞተሩ ገና ሁለተኛው ዳገት ላይ መንገድ ዳር ተዘርፍጦ ጠበቃት። ፊቱ አመድ መስሏል። መኪናዋን አቁማ ወረደች።

«ይሄ መንገድ አይደለም» አለ፣ ቃላቱን እየለቀመ። «ግድግዳ ነው።»

«አርባ ኪሎሜትር ብቻ ነው» አለችው።

ፋርማሲስቱና ጥርስ ሐኪሙ ብስክሌታቸውን እየገፉ ደረሱ። ፋርማሲስቱ ብስክሌቱን መሬት ላይ ጣለው።

«ስማ ሞተሩ፣ ይሄን መንገድ ብቻዬን ነው የሠራሁት አላልከኝም?»

ሞተሩ ሚስቱን አያት። አንድ ቃል እንድትተነፍስለት በዓይኑ ለመናት። እሷም ለመመለስ አልቸኮለችም፤ ዓመት ሙሉ ዳገት አናት ላይ ቆማ የጠበቀችውን ያህል ጠበቀችው።

«ብቻውን ነው የሠራው» አለች። «እኔማ ምን አውቃለሁ?»

ከዚያ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተች፣ ሻንጣዎቹን ገለል ገለል አድርጋ ብስክሌቷን አወረደች። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«መኪና መንዳትም እኮ ጉዞ ነው፣ የኔ ጌታ። መስኮቱን ከፍተህ ባሕሩን እያየህ ና።»

ዳገቱን ያዘችው። እሱ ራሱ ዘይት የቀባው ሰንሰለት ሲጥ እንኳ አላለም።