ሆዱ የማይበራ ማውስ

ሰባተኛውን ማውስ ከካርቶኑ አወጣች፤ የታሰረውን ገመድ ፈታች፤ ጫፉን ግድግዳው ላይ በተሰካው የስልክ ቻርጀር ውስጥ ከታ ገለበጠችና ሆዱን አየችው።

«ይኼም አይበራም» አለች ዕቃ ቤት ኃላፊዋ።

ግዢ ሠራተኛው ከበሩ ማዶ ቆሟል። በሩ ላይ፣ ከእሷ በቀር ማንም ወደ ውስጥ እንዳያልፍ፣ ጠባብ ጠረጴዛ ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ይኼኛው ዓይነት አይበራም ብዬዎታለሁ እኮ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይሠራል።»

«ሳይበራ?»

«ሳይበራ።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ስምንተኛውን አነሳች።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከኋላዋ «ጉምሩክ» ይላታል። ታውቃለች፤ ፊት ለፊት ቢሏትም ቅር አይላትም ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ማሸጊያው አልተነካም ብላ የፈረመችበት አሥራ ሁለት ካርቶን የፕሪንተር ቀለም ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘና ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከዚያ ወዲህ ወንበር ሲመጣ ትቀመጥበታለች፣ ማጣበቂያ ሲመጣ ሁለት ወረቀት አጣብቃ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፣ እስክሪብቶ ሲመጣ በእያንዳንዱ የገዛ ስሟን ትጽፋለች። ለማውስ የፈጠረችው ዘዴ ቻርጀሩ ነው። ሆዱ ቀይ ከበራ በሕይወት አለ፤ ካልበራ ሞቷል። ዘዴው አንድም ቀን አሳፍሯት አያውቅም።

ነገሩ የመጣው ከንድፍ ክፍል ነው። የውሃ መስመር የሚነድፉት ሠራተኞች እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ አዳዲስ ጠረጴዛዎች ገቡላቸው፤ አሮጌዎቹ ማውሶች ግን ጠረጴዛውን አልወደዱትም። ቧንቧ በዚህ ይሂድ ሲሏቸው ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ዘሎ ሰው ግቢ ይገባል። የግዢ መጠየቂያው «ማውስ፣ ብዛት ሃያ» ከማለት ሌላ አንድ ቃል የለውም። ኦፕቲካል የሚባል ርካሽ አለ፣ ሌዘር የሚባል ውድ አለ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማንም ሳያዘው ውዱን ገዛ። በእሷ ልምድ፣ ሳይታዘዝ ውድ የሚገዛ ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለው።

«ንድፍ ክፍል ወስደን አንዱን ኮምፒውተር ላይ እንሰካው፤ ሁለት ደቂቃ ነው» አለ።

«ገቢ ያልሆነ ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ገቢ ያድርጉት ታዲያ።»

«ሳልሞክር?»

ግዢ ሠራተኛው ወትሮ ቸኩሎ የሚናገር፣ ቸኩሎ የሚራመድ ሰው ነው። ዛሬ ግን ቃላቱን መርጦ ያወጣቸዋል፤ ይህም አላማራትም።

«እትዬ፣ ኮንትራቴ በዚህ ሳምንት ነው የሚያልቀው። ባለቤቴም ወሯ ገብቷል። እባክዎ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሳይደርስ እንጨርሰው።»

አሳዘናት። ግን ልጅ የሚጠብቅ ሰው ገንዘብ እንደሚፈልግም አስታወሰችና ማዘኗን ለሌላ ጊዜ አቆየችው። ሃያውንም ገለበጠች። አንድም አልበራ። «በሙሉ የማይሠሩ በመሆናቸው አልተቀበልኩም» ብላ ጽፋ ፈረመች፣ ሃያውን ማውስ ውድቅ የሆነ ዕቃ በሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈች፣ ሪፖርቱን ለሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሰጠች። በምሳ ሰዓት ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ይዛ ወደ ሱቁ ሄደች። ሱቁ ከሌለ፣ ወይም ጫማ መሸጫ ሆኖ ከተገኘ፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

ሱቁ አለ። ማውስም ይሸጣል። ከባንኮኒው ኋላ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ተቀምጣለች።

«ማውስ ፈልጌ ነበር።»

«ኦፕቲካል ነው ሌዘር?»

«ልዩነታቸው ምንድነው?»

«ጠረጴዛዎ ምን ዓይነት ነው?»

ጠረጴዛዬ ምን አገባት አለች በሆዷ። «ጠረጴዛ ነው።»

«እንጨት ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ ምንጣፍ ነገር የሚያደርጉበት ከሆነ ኦፕቲካሉን ይውሰዱ። በግማሽ ዋጋ ነው፤ ሌላውን ቢገዙ ገንዘብዎን መጣል ነው።»

ዕቃ ቤት ኃላፊዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ርካሹን ግዙ የሚል ሻጭ በዕድሜዋ አጋጥሟት አያውቅም። አውቃኛለች ማለት ነው፤ ሰውዬው ደውሎ ነግሯታል።

«የሚያብረቀርቅ ቢሆንስ?»

«ያኔ ሌዘሩ። ይምጡ ላሳይዎት።»

ሻጯ አንድ የሚያንጸባርቅ የግድግዳ ሸክላ ባንኮኒው ላይ አኖረች። መጀመሪያ ኦፕቲካሉን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታ በሸክላው ላይ አንሸራሸረችው፤ ቀስቱ ቆመ፣ ዘለለ፣ ጥግ ገባ። ከዚያ ሌዘሩን። ቀስቱ ቅቤ እንደተቀባ ሄደ።

ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ማውሱን ከሴትየዋ እጅ ወስዳ ገለበጠችው። ጨለማ ነው።

«ይኼ እኮ አይበራም።»

«ይበራል። ዓይናችን የማያየው ብርሃን ሆኖ ነው።»

«የማይታይ ብርሃን።»

«አዎ።»

«እና የማይታየውን ነው በእጥፍ ዋጋ የምትሸጪው?»

ሻጯ ሳቀች። ስልኳን አውጥታ ካሜራውን ከፈተችና ወደ ማውሱ ሆድ አስጠጋችው። ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ነገር፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ብልጭ አለ።

«ስልክሽ ውስጥ ያለ ነገር ቢሆንስ?»

«በራስዎ ይሞክሩት ታዲያ።»

የራሷ ስልክ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመቱ ነው። አወጣችው፣ አስጠጋችው። ነጥቡ ስንጥቁ ሥር ቁጭ ብሏል። በዓይኗ አየች፣ የለም። በስልኩ አየች፣ አለ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች።

«አንድ ቸኮል ቸኮል የሚል ሰውዬ ሰሞኑን ከዚህ ሃያ ገዝቶ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ሃያ አንድ! መጀመሪያ አንዱን በኪሱ ገዝቶ ሄደ። ቢሮ ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩት ብሎ ተመልሶ መጣና ሃያውን ወሰደ። ደረሰኙ ላይ ዋጋ ልጨምርልህ ወይ ብለው ተቆጥቶኝ ሊሄድ ነበር እኮ።»

«እንዲህ ያለውን ታደርጊያለሽ?»

«እኔማ አላደርግም። መጠየቅ ግን እጠይቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ሳይጠየቅ ይቀየማል።»

ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አሰላሰለችው። ሁለቱ ተማክረው ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ የምትለውን አጥንታ ሊሆን ይችላል። የራሷን ስልክ ግን ማንም አላማከረውም።

ጸሐፊዋ ጋ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል።

«ሥራ አስኪያጁ አንብቦታል» አለች ጸሐፊዋ። «ሰውየውን ለዘጠኝ ሰዓት ጠርቶታል። ፊቱ ደስ አይልም።»

«ማውሶቹ ይሠራሉ።»

«ምን?»

«ይሠራሉ። የተሳሳተው የእኔ ቻርጀር ነው።»

ጸሐፊዋ ዙሪያውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ እህቴ፣ ራስሽን አታስጠቂ። በድጋሚ ሲፈተሹ ሠርተዋል ብለሽ ጻፊ። ስለ ቻርጀር ማን ጠየቀሽ?»

ምክሩ ጥሩ ነበር። ማውሶቹን ገቢ ለማድረግ ወርዳ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሃያውን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። የመጨረሻውን ስታነሳ ከሥሩ አቧራ የለበሰ ካርቶን ታየ፤ ላዩ ላይ በራሷ ጽሕፈት «ማውስ፣ 6፣ የማይሠሩ» ይላል። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

ያኔ ግዢ ላይ የነበረው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ይሠራሉ አላት አንድ ጊዜ፤ ሁለተኛ አልተናገረም። ዝምታውን አይታ፣ ጥፋተኛ ነው አለች። ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀረ። ሲሰናበት እጇን የጨበጠው በሁለት እጁ ነበር፤ ያንንም ተጠራጥራው ነበር።

ካርቶኑን ከፈተች። አንዱን ቻርጀሩ ላይ ሰካችና ገለበጠች። ጨለማ። ስልኳን አስጠጋች።

ሐምራዊ ነጥብ።

ሁለተኛውን ሰካች። ሦስተኛውን። ከአራተኛው በኋላ ካርቶኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አምስተኛውን እዚያው ሆና አየችው። ስድስተኛውም ነጥብ አለው።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወረቀት ይዛ ወጣች። ጸሐፊዋ ተቀብላ አነበበች።

«የአፈታተን ስህተቱ የእኔ ነው... ግዢ ሠራተኛው ትክክለኛውን ዕቃ ነው የገዛው... እሺ። ካልሽ እሺ።» ወደ ታች አነበበችና ቆመች። «ይኼ ደግሞ ምንድነው? የስድስቱ ነገር?»

«የረጅሙ ሰውዬ ናቸው።»

«እሱማ ሄዷል እኮ። በሰላም የተዘጋ ነገር ነው። አሁን ይኼን አንስተሽ፣ ላለፈው አሥር ዓመት ሌላስ ምን ጥለሽ ነበር ቢሉሽስ?»

«ቁም ሣጥኑ ክፍት ነው፤ ያስፈትሹት።»

«እንዲቀጣሽ ነው የምትፈልጊው?»

«አልፈልግም።»

ጸሐፊዋ ወረቀቱን መለሰችላት። «በይ የታችኛውን መስመር ትተሽ ሌላ ጻፊና አምጪ። እጠብቅሻለሁ። ሰውየው ገና አልገባም።»

ከኮሪደሩ መጨረሻ የችኩል ሰው እርምጃ ተሰማ። ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አኖረችው፤ እንዳለ፣ ሁለቱም መስመር ሳይነካ።

«ወረቀቱን አስገቢው» አለች። «ከዚያ የረጅሙን ሰውዬ ፋይል ፈልጊልኝ፤ ስልክ ቁጥሩ ይኖረዋል።»