በአደራ የመጣው ደብዳቤ

ልጄ ለቴሌቪዥን ድራማ ስትጽፍ የእኔ ሥራ ሰዓት መያዝ ነበር። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ እየቀያየረች ታነባለች፣ እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ «ሁለት ደቂቃ ከሩብ» እላታለሁ። ከረዘመ ትቆርጠዋለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ለድራማው የሚሆን አደጋ ሲያልቅባት ደግሞ ወደ እኔ ዞር ትላለች።

«ሟርቴ፣ ባልየው ከሥራ ዘግይቷል። ምን ሆኖ ይሆን?»

«አውቶቡስ ተገልብጦበት ነዋ።»

«እሱንማ ባለፈው ወር ገለበጥነው።»

«እንግዲያው አሳንሰር ውስጥ ተቀርቅሮ ነው።»

ስቃ ትጽፈዋለች። ሟርቴ ስትለኝ አልቀየማትም። ልጅ ከደጅ ሲወጣ ለእኔ የሚታየኝ መርዶ ነው።

አምና ድራማውን ትታ ልቦለድ ልትጽፍ መሆኗን ነገረችኝ። ደመወዝ ያለው ሥራ ተጥሎ መጽሐፍ፤ ፈራሁ። የባሰው ግን አንድ ጠዋት ሸሚዝ እየተኮሰች የጠየቀችኝ ነው።

«እማዬ፣ ያኔ ፖስተኛው ስንት ሰዓት ላይ ነበር በእኛ በር የሚያልፈው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ። ቡናዬን ሳልጨርስ ሲኒውን ላጥብ ተነሣሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት ሩቅ ከተማ ላለ ዩኒቨርሲቲ ተፈትና፣ ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ፖስተኛውን ጠበቀች። ደብዳቤው የመጣው ዳቦ ልትገዛ በወጣችበት ሰዓት ነው። በአደራ የተላከ ስለነበር ፈርሜ ተቀበልኩ። ከፈትኩት፤ አልፋለች። መንገዱ የአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ገደል አለው። ለአንድ ቀን ብዬ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱም ለአንድ ቀን አልኩ። ምዝገባው አለፈ። እሷም ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብታ የሰው ጽሑፍ መተየብ ጀመረች፤ የሰው ስትተይብ ቆይታ የራሷን መጻፍ ያዘች።

ልቦለዱን ስትጽፍ ሰዓት ያዢልኝ አላለችኝም። «ይሄ አይለካም እማዬ» ብላ መሳቢያዋን ቆለፈች። ሲታተም መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ፣ በየገጹ ራሴን እየፈለግሁ በሁለት ቀን ጨረስኩት። እኔ የለሁበትም። ያለው አንድ ሰካራም ፖስተኛ ነው። የአንዲት ልጅ ደብዳቤ ቦይ ውስጥ ይጥላል፣ ዕድሜ ልኩን ይጸጸታል፣ በመጨረሻ ልጅቷ ይቅር ትለዋለች። ተመስገን አልኩ። አሁን ስጽፈው፣ ከደብዳቤው ይልቅ የምታሳፍረኝ ያቺ ተመስገን ናት።

አንድ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ ከልቦለዱ ለሰው ባነበበች ቀን ግን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ የእጅ ሰዓቷንም ሰጠችኝ። የተፈቀደላት ስምንት ደቂቃ ነበር፤ በሰባት ተኩል ጨረሰች። ሰዉ ለፊርማ ተሰለፈ። ከሰልፉ መሐል አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ መጣ። የድሮ ፖስተኛችን ነው።

«አወቅሽኝ?» አላት።

«እንዴት አላውቅዎትም አባባ።» አንገቷን ሰበረች። «መጽሐፉ ውስጥ ያለው እርስዎ አይደሉም፤ ልቦለድ ነው።»

«የሰፈሩ ሰው እንደዚያ አይልም። የልጅ ልጄ ሳይቀር ‹ደብዳቤ ጣዩ› ይለኛል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጠጥቻለሁ፣ አልዋሽም። ደብዳቤ ግን አንድም ቀን አልጣልኩም። ያንቺንም አድርሻለሁ።»

«ለማን?»

ወደ እኔ አየና ዓይኑን ወደ ከዘራው መለሰ።

«ብዙ ዘመን ሆነው። እትዬም ዘንግተውት ይሆናል።»

መውጫ እየሰጠኝ ነበር። አዎ፣ ዘንግቼዋለሁ ብል በዚያው ያልፍ ነበር፤ እሱም ደብዳቤ ጣይ እንደተባለ ይሞታል።

«አልዘነጋሁትም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ስላልተሰማኝ ደገምኩት። «አልዘነጋሁትም። ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አለ።»

ልጄ እስክሪብቶውን አስቀምጣ እኔን ታይ ጀመር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ሰዓቱ እጄ ላይ እያለ አላየሁም። ከኋላ የተሰለፈ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የሽማግሌውን መጽሐፍ ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፣ እስክሪብቶውን ግን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ፈርሚላቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ያኔ ምን ብለሽ ነበር?»

ስሜን ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ደብዳቤውን ተቀብያለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ሽማግሌው ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀስ ብሎ አነበበው።

«ያው ፊርማ ነው» አለና መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

ልጄ ወደ እኔ ሳታይ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ሰዓቷን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩላትና ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሰልፉ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። «ወደ ቤት አብረን ነው የምንሄደው?» ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም።