አማቱን ያሳፈረው አብራሪ

አብራሪው ካገባ ጀምሮ አማቱ ሥራውን እንደ ሥራ ቆጥረውለት አያውቁም። «ቁጭ ብሎ መሄድ ምኑ ነው ሥራ?» ይሏታል ልጃቸውን፣ እሱ እየሰማ። ሰውየው ይህን ሁሉ ዓመት ዋጥ አድርጎ ኖሯል።

ስለዚህ አማትየው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ሲኖርባቸው፣ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። ዕቃ የሚያመላልስባት ትንሽ አውሮፕላን ወደዚያው ትሄድ ነበርና፣ አለቃውን አስፈቅዶ ጎኑ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ቀበቶም አሰረላቸው። ዛሬስ ያዩኛል፣ አለ በሆዱ።

ሲነሱ አዩት። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ሌላው ማርሹ ይሁን ምኑ ያልገባቸው ነገር ላይ፣ አፉ ከሬዲዮ ጋር። አማትየው ቦርሳቸውን ጭምቅ አድርገው ያዙ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን በቅርቡ የተገጠመለትን አውቶፓይለት ካላሳየሁ አለ። ከፍ ብለው ሲደላደሉ ማብሪያውን ተጫነና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ኧረ መሪውን ያዝ!»

«አይዞዎት እማማ፣ አሁን ራሱ ነው የሚነዳው።»

«ራሱ ማን?»

«አውቶፓይለቱ። አቅጣጫውን ነግሬዋለሁ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

አማትየው ነገሩን ጥቂት አብሰለሰሉትና፣ «ታዲያ ደሞዙን የሚበላው ማነው?» አሉ።

ይቺ አንጀቱ ድረስ ገባች። ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ነፋሱ እጁን እያወናጨፈ ሲያስረዳ፣ ሆዱ ላይ ያለችው የሸሚዝ ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠለጠለች። በሞራ የተጋረደው ዓይናቸው እሷን አየ።

«እንዲህ ሆነህ ሰው ፊት ወርደህ ልጄን ልታሰድብ ነው? አውልቅ፣ ልስፋው!»

«እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

«የሚሠራው እሱ አይደል?»

ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ አንጠለጠለው፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ሸሚዙን አወለቀ። አማትየው ከቦርሳቸው መርፌና ክር አወጡ፤ ቀዳዳው ግን ከየት ይታያቸው። «ክሩን አንተው አስገባልኝ» አሉት። አብራሪው ክሩን በምላሱ አርሶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ዘረጋ። አውሮፕላኗ ትንቀጠቀጣለች፤ ክሩ ይስታል። አማትየው የማያዩትን ቀዳዳ «ወደ ግራ! አይ፣ ወደ ቀኝ!» እያሉ ያዝዙታል። በስንት መከራ ገባ ሲል አውሮፕላኗ አንዴ ነጠር አለች፤ መርፌዋ ከእጁ አመለጠች።

«እንዳትቀመጥባት!» ጮኹ አማትየው።

ዘሎ ተነሳ። ወንበሩን ዳበሰ፣ ከወንበሩ ሥር ጭንቅላቱን ቀበረ፣ አማትየውም እግራቸውን አንስተው በመዳፋቸው ወለሉን ጠረጉ። መርፌዋ ውሃ በላት።

ቀና ሲል ከታች ሐይቅ አየ። ያ የሚሄዱበት ከተማ ደግሞ ሐይቅ የለውም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲደፋው የመቆጣጠሪያ ማማው ሰውዬ በመጣራት ብዛት ድምፁ ዘግቷል።

«...ትሰማኛለህ? ከተማውን እኮ አልፈኸው ሄድክ! ምን ገጠመህ?»

«ማነው?» አሉ አማትየው።

«ከምድር ነው፣ የት ጠፋህ እያለኝ ነው።»

«መርፌ ጠፍቶብን ነው በለው።»

ምን እንደነካው እንጃ፣ እንዳሉት አለ።

«እስቲ ድገምልኝ» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ።

ለመመለስ ነዳጁ አላስተማመነውም። ሐይቁ ዳር ካለች ማረፊያ ላይ በካናቴራ፣ መርፌዋን ፈርቶ መቀመጫውን ከወንበሩ በመጠኑ አንሥቶ አረፈ። ዕድሜ ልኩን እንደዚያን ቀን ለስላሳ አድርጎ አሳርፎ አያውቅም፤ ያየለት ግን የለም።

ነገሩ መርማሪዎች ፊት ቀረበ። አማትየው ልመስክር ብለው ድርቅ አሉ። ሚስቱን «እባክሽ እናትሽን አስቀሪልኝ» ብሎ ለመናት፤ ማን ሰምቶት። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«ይህ ልጅ አንዳች አላጠፋም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከተነሣን በኋላ መሪውን በጣቱ እንኳን አልነካም! ወደ ውጭ አንዴም ቀና ብሎ አላየም። ሸሚዙንም ያስወለቅሁት እኔ ነኝ። መንገድ የሳተው ያ ሲነዳ የነበረው ነው። እሱን ለምን አልጠራችሁትም?»

ሰብሳቢዋ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። አብራሪው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ነጠቁት፤ ከጀማሪዎች ጋር ክፍል ገብቶ እንዲማርም ፈረዱበት። ደረጃውን ሲወርዱ አማትየው ክንዱን ያዙት።

«እንዴት ነበርኩ?»

ሊጮህባቸው አፉን ከፈተ። በምስክርነታቸው ጉድጓድ የከተቱት እኚህ ሴት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የደገፉት።

«ጥሩ ተናገሩ፣ እማማ» አለ።

«ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። እንግዲህ በአውቶቡስ መሄዴ ነው። ፈቃድህን ሲመልሱልህ ግን እንደገና ታሳፍረኛለህ።»

«አሳፍርዎታለሁ። ከኋላ ወንበር ነው ታዲያ።»

«ከኋላ ሆኜ እንዴት እንነጋገራለን?» አሉ አማትየው፣ ዝናቡ ሳይጀምር ወደ አውቶቡሱ እየጎተቱት።